ንጉሥ ያላስጻፈው ታሪክ

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡልጋ ውስጥ ትኖር የነበረች አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ በቤት አገልጋይዋ ክፉኛ ተቆጣች። ከምድጃው የሚነድ ትንታግ አነሣችና በአገልጋይቱ አፍ ጨመረችው። ልጅቱ ሞተች። ወይዘሮዋ የሠራችው ሥራ ሲገባት ደነገጠች፤ ይህችን ነፍስ ብትመልስልኝ ዓለምን ትቼ እመንናለሁ ብላ ለፈጣሪዋ ተሳለች። አገልጋይቱ ተነሣች። ወይዘሮዋም ባሏንና ልጆቿን፣ ቤቷንና ንብረቷን ትታ ደብረ ሊባኖስ ገባች፤ ቆይታም ወደ ጣና ሄዳ በሐይቁ ውኃ ውስጥ ቆማ በመጸለይ ዓመታት አሳለፈች።

ይህች ሴት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። ነፍስ ማጥፋቷን የሚነግረን ስሟን ሊያጎድፍ የተነሣ ባላንጣ ሳይሆን ምእመናን በበዓሏ ቀን ቆመው የሚሰሙት የገዛ ገድሏ ነው።

ገድሉን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን ክፍል እንዳይዘልሉት የሚያስገድዳቸው አልነበረም። አልዘለሉትም። ስለዚህም ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ መጽሐፉን የሚገልጥ አንባቢ፣ በዘመኑ በባለጸጋ ቤት የአንዲት አገልጋይ ሕይወት በእመቤቷ ቁጣ እጅ እንደነበረ ከዚያ ገጽ ይረዳል። ዘመቻና ሹመት ሲቆጥር የሚውለው የነገሥታት ዜና መዋዕል ለእንዲህ ያለች ልጅ ቦታ የለውም።

ዛሬ ገድል ሲነሣ ወሬው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን መጽሐፉን ከማኅደሩ በክብር ያወጣል፣ ይሳለማል፣ በግእዝ ሲነበብ ቆሞ ይሰማል፣ መልሶ ያስቀምጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። ሌላው ወገን ደግሞ እንግዳ ነገር ያለበትን አንድ አንቀጽ ቆርጦ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለቅና «ተረት ነው» ብሎ ይዘባበትበታል። የክርስቶስ ሠምራ ገድል ለዚህ ዘለፋ ደጋግመው ከሚመዘዙት አንዱ ነው፤ ቅድስቲቱ እግዚአብሔር ከዲያብሎስ ጋር እንዲታረቅ ለምናለችና።

ልመናዋ ግን ምክንያት አለው። የአዳም ልጅ የሚስተው፣ የሚሠቃየውና ሲኦል የሚወርደው በዚህ ጸብ የተነሣ ከሆነ፣ ጸቡ ቢበርድ የሰው ልጅ ያርፍ ነበር የሚል ነው። እንደ ገድሉ ትረካ ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል ወረደች፤ ዲያብሎስ እርቁን አልቀበልም ብሎ ጎትቶ አስገባት፤ መልአኩ ሲያወጣት አሥር ሺህ ነፍሳት አብረዋት ወጡ። ይህን በነገረ መለኮት ሚዛን መመዘን የሊቃውንቱ ድርሻ ነው። የታሪክ አንባቢ ግን ሌላም ነገር ያያል፦ ደም የተቃባ ወገን እንኳ በሽማግሌ በሚታረቅበት አገር ያደገች አንዲት የልጆች እናት፣ የሰማይና የሲኦልን ጸብ በሽምግልና ለመፍታት ተነሣች። የዚያ ዘመን ሰው ስለ እርቅ ምን ያህል በጥልቀት ያስብ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጽሑፍ በቀላሉ አይገኝም። የሚዘባበተውም፣ መጽሐፉን በማኅደሩ ሸፍኖ የሚያስቀምጠውም ይህን ሳያይ ያልፋል። ሁለቱም አያነቡም፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ከቤተ መንግሥት ውጭ የኖረውን የኢትዮጵያ ሰው ኑሮ፣ ፍርሃትና እምቢታ የሚነግሩን የጥንት ጽሑፎች ጥቂት ናቸው፤ ከነዚያ ጥቂቶች መካከል ደግሞ ገድላት ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ።

መጽሐፉ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ክብደቱን ይረዳል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ብራና ይሆናል። ቁም ጸሐፊው በሹል ነገር መስመር ያሰምርበትና በመቃ ብርዕ በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ የቅዱሱ ስም ላይ ሲደርስ ብርዑን ለውጦ በቀይ ይጽፋል። ለጸሎት በሚነበበው ክፍል መካከል የአስጻፊው ስም ይገባል፤ በዚያ ቅዱስ ጸሎት እንዲማር። መጽሐፉ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፍበታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብራናው ስለሚሳሳ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየው ሰው ከአዲሱ ስም ሥር የአሮጌውን ርዝራዥ አንዳንዴ ያገኛል።

አብዛኛው ገድል የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ደጋግ ወላጆች፣ የልደት ብሥራት፣ የሕፃንነት ተአምር፣ ምንኩስና፣ ጾምና ስግደት፣ በመጨረሻም ቃል ኪዳን። በቃል ኪዳኑ እግዚአብሔር ለቅዱሱ ተስፋ ይሰጣል፦ በስምህ ዝክር ያዘከረ፣ ገድልህን ያጻፈ፣ ያነበበ፣ የሰማ ይማራል ይላል፤ ምሕረቱ እስከ ስንት ትውልድ እንደሚደርስም ይቆጠራል። ከዚያ ተአምራቱ ይከተላሉ፤ ብዙ ጊዜም መልክኡ ይታከላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ቃል ኪዳኑ ምእመናንን ወደ ገዳሙ ይስባል፤ ገዳሙ ደግሞ ርስት፣ ጉልትና ክብር አለው። ጸሐፊው የዚያ ገዳም ልጅ ነው። ስለዚህ ገድል ያለ ዓላማ የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም፤ የገዳሙን መብት ያስከብራል፣ የባላንጣውን ገዳም ዝና ዝቅ ያደርጋል፣ አንዳንዴም ከቅዱሱ ዕረፍት በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ የተፈጠረ ጥያቄን በቅዱሱ ዘመን እንደተመለሰ አድርጎ ያቀርባል። ይህን ማለት ቅዱሱን ማዋረድ አይደለም። የምስክርን ቃል የሚሰማ ዳኛ ምስክሩ ከየት ወገን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ጠይቆም ቃሉን ይቀበላል።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የሐይቅ እስጢፋኖስና የደብረ ሊባኖስ ጉዳይ ነው። በ1270 ይኩኖ አምላክ ከዛጕዌ ነገሥታት መንግሥቱን ሲረከብ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አማካሪውና ባራኪው ማን ነበር? የደብረ ሊባኖስ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል። የሐይቅ ትውፊት ደግሞ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው ይላል። ሁለቱም ገድላት ዛሬ ባሉበት መልክ የተዘጋጁት ነገሩ ከሆነ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት፣ የደብረ ሊባኖሱ ደግሞ እጨጌ እየተባሉ በቤተ መንግሥት ዘንድ ትልቅ ሥፍራ ነበራቸው። ሁለቱን ገድላት ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ስለ 1270 ብቻ ሳይሆን ስለ 15ኛውና 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዳማት ፉክክርም ይማራል። ደግሞም ሐይቅ ለትውፊቱ የሚያቀርበው ከገድል የቀደመ ማስረጃ አለው፤ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ለገዳሙ ያበረከቱት፣ ሥዕላቸው ያለበት የብራና ወንጌል ተርፏል።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል በሌላም ገጹ ውድ ነው። እናታቸውን እግዚእ ኀረያን ማርኮ ስለ ወሰደው ስለ ዳሞቱ ገዥ ስለ ሞተለሚ ይተርካል። ዳሞት በዘመኑ እስከ ሸዋ ድረስ እየዘመተ የሚያስጨንቅ፣ ክርስቲያን ያልሆነ ኃያል መንግሥት ነበር፤ ራሱ ግን የጻፈው መጽሐፍ አልደረሰንም። ስለዚህ ያ መንግሥት ከሸዋ ካህናት ቤት እንዴት ይታይ እንደነበር የምናውቀው ከተማረከች አንዲት የካህን ሚስት ታሪክ ነው። ትረካው የፈራ ሰው ትረካ ነው፤ ግን ሌላ የለንም።

ነገሥታቱ ራሳቸው በገድል ፊት ሲቆሙ ከዜና መዋዕሉ የተለየ መልክ አላቸው። ዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344) በ1332 ያካሄዱት ዘመቻ በታላቅ ጥበብ ተጽፎላቸዋል፤ በዚያ መጽሐፍ ንጉሡ ጀግና፣ ጠላቶቻቸው ዕብሪተኞች ናቸው። የበጸሎተ ሚካኤል፣ የአኖሬዎስና የደብረ አስቦው የፊልጶስ ገድላት ግን የአባቱን ሚስት ያገባ ንጉሥ ያሳዩናል። መነኮሳቱ ፊት ለፊት ገሠጹት፤ ተገረፉ፣ ታሰሩ፣ ከአገር ተሰደዱ። ከተገረፈው ከአኖሬዎስ የፈሰሰው ደም እሳት ሆኖ የንጉሡን ከተማ አቃጠለ ተብሎ ይነገራል። እሳቱን የሚያምን ያምናል፣ የማያምን ይተወዋል። ግርፋቱና ስደቱ ግን በአንድ ገድል ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ቅዱሳኑም በተሰደዱበት አገር ሁሉ ደቀ መዛሙርት አፍርተው ክርስትናውን አስፋፍተዋል። በጳጳሱ በአቡነ ያዕቆብ ዘመን የሸዋና የአካባቢዋ የስብከት አገር ለ12 ንቡራነ እድ መከፋፈሉን የምናውቀውም ከነዚሁ መጻሕፍት ነው።

አንድን ንጉሥ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአደባባይ «አጥፍተሃል» ያለ ሰው መኖሩን፣ ያ ሰውም የጦር መሪ ሳይሆን ዳባ የለበሰ መነኩሴ መሆኑን ማወቅ ለዛሬ አንባቢ ትንሽ ነገር አይደለም።

የደብረ ብርሃን ከተማ አመሠራረት ደግሞ ሁለቱን የታሪክ ዓይነቶች ፊት ለፊት ያገናኛል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ዘመን የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት ለንጉሡ አንሰግድም አሉ፤ ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው የሚል ነበር መልሳቸው። ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀልም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ። ብዙዎቹ በየካቲት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10፣ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን የፍርዳቸው ማረጋገጫ አድርገው ተቀበሉት፤ በሥፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማውም ደብረ ብርሃን ተባለ። የዜና መዋዕሉ ታሪክ ይህ ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚታወቀውም ይህ ብቻ ነበር።

የተወገሩት ሰዎች ግን የራሳቸው ገድል ነበራቸው። መሪያቸው አባ እስጢፋኖስ በእስር ቤት ካረፉ በኋላ ማኅበሩ በአጋሜ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ጸና፤ የመሪዎቹን መከራም በግእዝ ጻፈ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሰዎቹ ምላሳቸው ሲቆረጥ፣ ሲገረፉ፣ በረሃብ ሲቀጡ እናያለን፤ ከሁሉ በላይ ግን ሲከራከሩ እንሰማቸዋለን። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን ገድላት «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ በ2004 በአማርኛ ሲያወጡ ብዙ አንባቢ ተደነቀ፤ የተቆጣም ነበር። ቁጣው ይገባል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደራሲ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አጽኚ ናቸው፣ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ተከታዮች ከሌላው ጋር ያስታረቁ ናቸው፤ የሰንበት ክርክር ለረጅም ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ለይቷቸው የኖሩትን ሰዎች በሰላም የመለሱ ንጉሥ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የካቲት 2ም እውነት ነው። ሁለቱን እውነቶች በአንድ ልብ መያዝ ያስጨንቃል፤ ግን ጉንዳ ጉንዶ ገድሉን ባይጠብቅልን ኖሮ የምንይዘው ሁለተኛ እውነት አይኖረንም ነበር።

ድል አድራጊው ሁልጊዜ ተሸናፊውን አያጠፋም፤ አንዳንዴ ያከብረዋል። ዛጕዌዎችን ያስወገደው ሥርወ መንግሥት በሚገዛበት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቅዱስ ላሊበላ ገድል በክብር ተጻፈ። ዐለት የፈለፈለውን ንጉሥ ሕዝቡ አልተወውም።

ከሁሉም በላይ ግን የገድልን ጥቅም የሚያሳየው የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ ነው።

በ1592 ተወለደች። ከታላላቅ ባላባቶች ዘር ናት፤ ያገባችውም ከዐፄ ሱስንዮስ ዋና ሹማምንት አንዱ የሆነውን መልክአ ክርስቶስን ነው። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ፖርቱጋል ኢየሱሳውያን ትምህርት ሲያዘነብሉ አገሩ ታወከ፤ በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመው ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ጋር ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ጳጳስ ከገደለ ወገን ጋር በአንድ ቤት ለመኖር እምቢ አለች። መጀመሪያ ስትሸሽ ባሏ ወታደር አስከትሎ መጣ፤ በእርሷ ምክንያት በሕዝቡ ላይ የሚደርሰውን አይታ ተመለሰች። ሁለተኛ ግን ሄደች፤ ራሷን ተላጭታ፣ ቆብ ደፍታ። ከዚያ በኋላ እንደ እርሷ ቤቷን ትታ የመነነችው እኅተ ክርስቶስ የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋ ሆነች።

ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ ወለተ ጴጥሮስ ከቦታ ቦታ እየዞረች ሕዝቡ እንዳይቀበል ትቀሰቅስ ነበር። ተይዛ በመኳንንቱና በዳኞቹ ጉባኤ ፊት ቆመች። ዘመዶቿ ማልደው ከሞት አተረፏት፤ ኢየሱሳውያኑ ሊያሳምኗት ደከሙ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ቆላ፣ ዠበይ ወደሚባል አገር ተጋዘች፤ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ግዞቱ የታሰበውን አላደረገም። ተከታዮቿ ወደዚያው ጎረፉ፤ የመጀመሪያው ማኅበሯም እዚያው ተመሠረተ። በሕይወት ዘመኗ ሰባት የወንዶችና የሴቶች ማኅበራት አቋቋመች። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሲተዉ፣ እርሷ በጣና ዳርቻ ሴቶች ታስተዳድር ነበር። በ1642 በ50 ዓመቷ አረፈች።

የዐፄ ሱስንዮስን ዜና መዋዕል ከጻፉት መካከል አዛዥ ጢኖ ይገኛል፤ እርሱ ራሱ የንጉሡን አዲስ እምነት የተቀበለ ነበር። እንግዲህ ከዚያ መጽሐፍ የተቃዋሚ ሴቶችን ልብ ማግኘት አይቻልም። የወለተ ጴጥሮስን ገድል ግን ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በ1672 ጻፈው፤ ካረፈች 30 ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ አብረዋት ፈጭተው፣ ውኃ ቀድተውና ተሰድደው የኖሩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ። ልዩነቱ ገጹን ሲገልጡ ይታያል። የቅድስቲቱን ጾም ብቻ አይተርክም፤ የወጥ ቤት ሥራ አለበት፣ ሕመም አለበት፣ ረሃብና ወረርሽኝ አለበት፣ በሥራ ክፍፍል የተኳረፉ መነኮሳይያት አሉበት፣ የባላባት ልጅ የሆነች እመቤት ወፍጮ ላይ ተቀምጣ መፍጨት ስትማር አለበት። በሃይማኖት ጦርነት ጊዜ የአገሪቱን እምነት የታደጉት ወንዶች ብቻ እንዳልነበሩ የሚያውቅ ሰው ይህን ያወቀው በዋነኛነት ከዚህ ገድል ነው።

ይህ መጽሐፍ በግእዙ የታተመው በ1912 በጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ አዘጋጅነት ነው። በ1970 በጣሊያንኛ፣ በ2015 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። የእንግሊዝኛው ትርጉም ትልቅ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ነው፤ ይሁንና ስለ መነኮሳይያቱ ኑሮ የሰጣቸው አንዳንድ ማብራሪያዎች ከኢትዮጵያውያን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጽኑ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። ተቃውሞው በንግግርና በቁጣ ብቻ ሲቀር ግን የሚቀጥለው አንባቢ የሚያገኘው ያንኑ ማብራሪያ ነው። ግእዙን በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ፣ የገዳሙን ሥርዓት ኖሮበት የሚያውቅ ሊቅ በማስረጃ የተደገፈ እትም ሲያወጣ ያን ጊዜ ክርክሩ ክርክር ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ስለ ራሳችን እናት በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ስንጣላ እንኖራለን።

የትውፊት ቃል በጥናት ፊት የሚያፍር ለሚመስለው ሰው የዓድዋው የአባ ገሪማ ገዳም ታሪክ መልስ ይሆናል። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ገሪማ ወንጌልን በአንድ ቀን ጽፈው እንደጨረሱ፣ ፀሐይም እስኪጨርሱ እንደቆመችላቸው ይተረካል። በገዳሙ ያሉትን ሥዕላዊ ወንጌሎች አንዳንድ የውጭ ምሁራን ለረጅም ጊዜ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ናቸው ሲሉ ቆዩ። በኋላ ከብራናው የተወሰደ ቁራጭ በኦክስፎርድ በካርቦን ሲመረመር፣ ዕድሜው በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ሆኖ ተገኘ፤ በዓለም ካሉት ሥዕላዊ ወንጌሎች እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት ተራ ማለት ነው። ምርመራው ስለ ፀሐይዋ መቆም የሚለው የለም። መጽሐፉ የአባ ገሪማ ዘመን ሥራ ነው የሚለውን የመነኮሳቱን ቃል ግን ከምሁራኑ ግምት ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ አድርጎታል።

ገድላትን እንደ ታሪክ ምንጭ ማንበብን ለአገሩ ያስተማሩ ሰዎች ነበሩን። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት፣ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ በሚተርከው መጽሐፋቸው፣ የመነኮሳቱን ገድላት እርስ በርስና ከዜና መዋዕሉ ጋር እያነጻጸሩ፣ ተአምሩን ሳይነቅፉና ሳይንቁ፣ የሰዎቹን መንገድ፣ ዘመንና ጸብ አወጡ። ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በደርግ ወታደሮች በጥይት ተመትተው እግሮቻቸው ከማይታዘዙ በኋላ፣ በአሜሪካ ሚኔሶታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው፣ በማይክሮፊልም የተነሡትን ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች ሲመዘግቡና ሲያነቡ አርባ ዓመት ግድም አሳለፉ። በ2021 አረፉ።

የተመዘገበው ግን የተረፈው ብቻ ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ደብረ ሊባኖስን ጨምሮ ብዙ ገዳማት ተቃጥለዋል። በ1868 ከመቅደላ ተጭነው የሄዱ ከ300 በላይ ብራናዎች ዛሬም ለንደን ናቸው። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ያለው ደግሞ በእርጥበት፣ በአይጥና በሌባ እጅ ነው።

ክንፈ ርግብ ዘለቀ በ1975 ባወጡት ዝርዝር ወደ 200 የሚጠጉ ቅዱሳን የገድል ትውፊት ተመዝግቧል። ከነዚህ ውስጥ በግእዝና በአማርኛ በሁለት ዓምድ ታትመው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚሸጡ አሉ፤ ምእመናን ለበረከት ይገዟቸዋል፣ ደግ ነገርም ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ያለ መግቢያና ያለ ማስታወሻ፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ ሳይነገር የታተሙ ናቸው። በአንጻሩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፈ ጥንት ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያቸው አንድ አንድ ገድል እያነሡ፣ ቅጂዎቹን እያነጻጸሩ፣ እየተረጎሙ ያቀርባሉ፤ ሥራው ተመርቆ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ገድሉን የሚገዛው ምእመን ጥናቱን አያገኝም፤ ጥናቱን የሠራው ወጣትም አንባቢ አያገኝም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ማተሚያ ቤትና ዩኒቨርሲቲው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ ካርታና የዘመን ማስታወሻ ያለው እትም ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በሚሸጠው መጽሐፍ ዋጋ ለማውጣት የሚያግድ ነገር የለም።

ገላውዴዎስ የሠራው ዓይነት ሥራ በዘመናችንም ይጠብቀናል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ጥይት ሲገደሉ የጣሊያን ጋዜጠኛ ቆሞ አይቷል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የተረሸኑትን መነኮሳት ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም 297 ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን ከዚያ እጅግ አብልጠውታል። ገዳዩ ቁጥር ጻፈ፤ ማን ከየት አገር እንደመጣ፣ ማን ምን ያስተምር እንደነበር የሚያውቁት ግን የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ መቶ ግድም ነው። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ በረሃና ባሕር ዳርቻ በእምነታቸው የተገደሉት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጉዳይ ግን እንዲህ አልራቀም። በዚያው ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ እዚያው የተገደሉትን 21 ሰማዕታት የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ወዲያው በስንክሳሯ አስገብታለች፤ ጀርመናዊው ደራሲ ማርቲን ሞሰባኽም የአብዛኞቹን መንደር ዞሮ ከእናቶቻቸውና ከሚስቶቻቸው የሰማውን መጽሐፍ አድርጎታል። የእኛዎቹ ልጆች እናቶች፣ ወንድሞችና የሰፈር ጓደኞች አብዛኞቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ልጁ በምን ምክንያት ከቤት እንደወጣ፣ በመንገድ ምን ብሎ እንደደወለ፣ በየትኛው ደብር እያስቀደሰ እንዳደገ ይናገራሉ። ሊሰሟቸው የሚሄዱት ጸሐፊዎች ከየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ሊወጡ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው መቅጃ፣ ደብተርና የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ነው።